ሳይቃጠል በቅጠል

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችን ስለ ኩላሊት ምን አገባቸው? ይህን ገጽ የገለጠ ጓደኛችን ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ እንደሚሆን እናውቃለን። እኛም ራሳችን እስካለፈው ዓመት ድረስ መልሱን የምናውቅ ይመስለን ነበር፤ ይኸውም ሕመም የሐኪም፣ ክርክርና ጽሑፍ ደግሞ የእኛ ነው የሚል ነበር። ዛሬ ግን ይህ አስተሳሰባችን አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችንን ምን እንዳስከፈለው በዐይናችን ስላየን ዝም ብሎ ማለፉን ኅሊናችን አልፈቀደልንም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን፣ የእኛን ጥፋት ሌላው እንዳይደግመው ለማሳሰብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛችን ገና ሁለተኛ ዓመት ሳይደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራቸውን አቆሙ። በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በመኪና እያሳጠበ ጥቂት ጊዜ ከቈየ በኋላ፣ እርሱ «እትዬ» እያለ የሚጠራት ታላቅ እኅቱ ከሁለቱ ኩላሊቶቿ አንዱን ሰጠችው። ቀዶ ሕክምናው በደኅና ተፈጸመ። ዘመድ ወዳጁ ዕልል አለ፤ ትምህርቱንም ቀጠለ። እኛ ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል መኖር የጀመርነው ከቀዶ ሕክምናው ስምንት ወር ያህል በኋላ ነው። በየወሩ አንድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ ለደም ምርመራ እንደሚሄድ፣ ጧትና ማታ በሰዓቱ የሚውጠው ክኒን እንዳለ እናውቅ ነበር። ከዚህ በላይ ግን አናውቅም፤ ለማወቅም አልጠየቅንም።

የዐቢይ ጾምና የአጋማሽ ፈተና በአንድነት መጡ። የንስሐ አባቱ ሕመምተኛ ነህና አትጹም ብለውታል። ነገር ግን እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጾም እርሱ ብቻውን በጧት መቅመሱ አሳፈረው መሰል፣ የጧቱን ክኒን ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወረው። የምርመራው ቀን ሲደርስ ደግሞ ከፈተናው ጋር ተጋጨ። ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ሲያማክረን፣ «አንተ ሰው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ? ፊትህ ወዝ አለው፤ ፈተናው ይለፍና ትሄዳለህ» አልነው። ይህን ያልነው እኛ ነን። በፍቅር ነው ያልነው፤ ስሕተት መሆኑን ግን ፍቅሩ አላስቀረውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሄድ፣ 1.2 የነበረው የደሙ ክሪያቲኒን 2.1 ሆኖ ተገኘ። አልጋ ያዘ። በቀጭን መርፌ ከኩላሊቱ ቅንጣት ተወስዶ ሲመረመር፣ ሰውነቱ የእኅቱን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ መውጋት መጀመሩ ታወቀ። ሦስት ቀን ብርቱ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፤ የክኒኑም መጠንና ሰዓት ተስተካከለ። ኩላሊቱ ተረፈ። ነገር ግን ቍጥሩ የተመለሰው ወደ 1.2 ሳይሆን ወደ 1.6 ነው። በ1.2 እና በ1.6 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ሲታይ ኢምንት ይመስላል፤ ሐኪሙ እንዳስረዳን ግን ከእኅቱ ከተሰጠው ጉልበት የማይመለስ ድርሻ ቀርቷል ማለት ነው።

ስንጠይቀው እኅቱም መጥታ ነበር። አልተቈጣችንም፤ ቢሆንም «ያን ዕለት አደራ ያልኩት ሐኪሞቹን ብቻ መሰላችሁ?» አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከጆሯችን አልጠፋም።

እንግዲህ ጉዳዩን በትክክል ለመረዳት ስንል ከሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ዘንድ እየተመላለስን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ያገኘነውን ባጭሩ እናካፍላችሁ።

ጤናማ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር የሚያህል ፈሳሽ ከደም እያጠለሉ፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ለሰውነት መልሰው የቀረውን በሽንት ያስወጣሉ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሥራ ቢያቆሙ እንኳ የቀሩት የጐደለውን ለመሙላት ይጥራሉ። ሰው በአንድ ኩላሊት ጤናማ ሆኖ መኖር የሚችለው፣ እኅትም ለወንድሟ መስጠት የምትችለው ስለዚሁ ነው። ሆኖም ይኸው ትዕግሥቱ ጠንቅም አለበት። ኩላሊት ሲጐዳ እንደ ጥርስ አያሠቃይም፤ እንደ ሆድም አያቃጥልም። ክሪያቲኒን የሚባለው ከጡንቻ የሚወጣ ቈሻሻ በደም ውስጥ ተከማችቶ ከጤነኛ ሰው ልክ የሚያልፈው፣ ብዙውን ጊዜ የማጥለል ኀይሉ በግማሽ ያህል ካነሰ በኋላ ነው። እግር ካበጠና ሽንት ካነሰ፣ ትንፋሽም ካጠረ ደግሞ ጊዜው መሽቷል።

በመሆኑም ኩላሊት የተተከለለት ሰው የሚመዘነው በጤነኛ ሰው ልክ ሳይሆን በገዛ ራሱ መነሻ ነው። የእርሱ ልክ 1.2 ከሆነ ወደ 1.5 ሲወጣ፣ ማለት ሩብ ያህል ሲጨምር፣ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ሌላው ሰው 1.5 ይዞ ያለ ችግር ይኖር ይሆናል፤ ለእርሱ ግን 1.5 ደወል ነው። ይህን ደወል ለመስማት የትናንቱ ቍጥርና የዛሬው ቍጥር ጎን ለጎን ተጽፈው መገኘት አለባቸው። አንድ ቍጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ተከታትሎ ሲጻፍ ግን ታሪክ ይሆናል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገንም።

ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ላይ የክትትሉ ሥርዓት ተዘርዝሯል። ከተከላው በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት የሽንቱ መጠን በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይለካል። ክሪያቲኒን በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር በየሳምንቱ፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ወር በየወሩ ይመረመራል። ብንደምረው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ30 ጊዜ በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን፣ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን፣ እንዲሁም ቢ.ኬ. የተባለውና የተተከለን ኩላሊት የሚያበላሽ ቫይረስ በየጊዜው ይፈተሻሉ። ቍጥሩ ከፍ ሲል አልትራሳውንድ የደም ሥሩ መዘጋቱን ወይም የሽንት መውረጃው መታገዱን ያሳያል። ምክንያቱ ካልታወቀም ቅንጣት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ኩላሊቱ የሚደክምበት ምክንያት ብዙ ስለ ሆነና መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ስለሚለያይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት የደም መርጋት ወይም ኩላሊቱ ከአንዱ ሰውነት ወጥቶ ወደ ሌላው እስኪገባ ድረስ ደም በማጣቱ የደረሰበት ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሰውነት ጥቃት ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ጥቃቱን የሚከላከለው መድኃኒት ራሱ፣ ታክሮሊመስ የሚባለው፣ በደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊቱን ይጐዳዋል። ሲያንስ ደግሞ በር ይከፍታል። ለአንዱ መድኃኒት መጨመር፣ ለሌላው መቀነስ ነው ፈውሱ። በግምት የሚታከም ሰው የተሳሳተውን ወገን ሊይዝ ይችላል።

ሰዎች ይህን ዕውቀት ያገኙት በቀላሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ዩሪ ቮሮኖይ የተባለ የሶቪየት ኅብረት ሐኪም ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ለሕመምተኛ ተከለ፤ የሁለቱ የደም ዓይነት አልተስማማምና ሕመምተኛዋ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 በቦስተን ከተማ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት ለወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉ። ሁለቱ በመልክ የማይለያዩ መንታዎች ነበሩና ሰውነቱ እንግዳውን ባዕድ አላለውም፤ ሪቻርድም ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። መሪ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ነገር ግን መንታ የሌለው ሰው ሁሉ ሰውነቱን በመድኃኒት እያባበለ፣ በምርመራ እየጠበቀ መኖር ግዴታው ሆነ። ቀዶ ሕክምናው የሰዓታት ሥራ ነው፤ ጥበቃው ግን የዕድሜ ልክ ነው።

በአገራችንም በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ረድቶ፣ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፈተ። ከዚያ በፊት ይህን ሕክምና የሚሻ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ለዚህም ቤት የተሸጠበት፣ በየአደባባዩ መዋጮ የተለመነበት ጊዜ ብዙ ነው። የማዕከሉ መከፈት የሚያኰራ ሥራ ነበረ። በማዕከሉ ሥራ የተጀመረው በሕይወት ያሉ ዘመዶች በሚሰጡት ኩላሊት ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ቢላዋ ሥር ይገባል ማለት ነው፤ አንዱ ለመዳን፣ ሌላው ለመስጠት። የሚጠፋው ኩላሊት ከመደርደሪያ የወረደ ዕቃ አይደለም፤ የእናት፣ የእኅት፣ የወንድም አካል ነው።

የእኛ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደስታችንን ሁሉ ለቀዶ ሕክምናው ቀን አውለን ለቀጣዮቹ 30 ማለዳዎች ምንም አላስቀረንም። ጋዜጣው ስንት ሰው እንደ ተተከለለት ይጽፋል፤ ከተተከሉት ውስጥ ከአንድ ዓመት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚሠራ ግን ሲጠየቅ አንሰማም። መዋጮ የምንሰጠው ለቀዶ ሕክምናው ነው፤ ለደም ምርመራ፣ ለአውቶቡስ፣ ለአንድ ሌሊት ማረፊያ የሚያዋጣ ግን አይገኝም። ይህም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። በብዙ ድካምና በብዙ ወጪ የተገኘውን ኩላሊት፣ በጥቂት ወጪ በሚታወቅ ችግር ማጣት ከዚህ የተለየ ስም ሊሰጠው አይችልም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚያነሡ እንገምታለን። አንደኛው፣ ገና ወባና የእናቶች ሞት ያልጠፋበት አገር ስለ ጥቂት ኩላሊት መጨነቁ የቅንጦት ነው የሚል ነው። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ብዙ ሕዝብ የሚገድለው በሽታ ቅድሚያ ይገባዋል። ይሁን እንጂ እኛ የምንለው ሌላ ማዕከል ይሠራ፣ ብዙ ሚሊዮን ብር ይውጣ አይደለም። ወጪው አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ፍሬው አይጣል ነው የምንለው። ኩላሊቱ የጠፋበት ሰው ዕድሜውን ለማቈየት ተመልሶ ወደ እጥበት መኪና ይገባል፤ ይህም በሳምንት ሦስት ጊዜ እየተከፈለበት ነው። ቁጠባን የሚወድ ሰው ከሁሉ በፊት ምርመራውን መውደድ ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሳይንስ ፋኩልቲ በኩል የሚመጣ ነው። ክሪያቲኒን ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው፤ ዛሬ ከለጋሹ ኩላሊት ሕዋሳት ተለይቶ በተቀባዩ ደም ውስጥ የሚገኘውን ዲ.ኤን.ኤ. በመለካት ጥቃቱን ቀደም ብሎ ለማወቅ ተችሏል፤ እርሱን ነው መጠየቅ ያለብን ይሉናል። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው ምርመራ በሀብታም አገሮች ሥራ ላይ ውሏል፤ አንድ ቀን ለእኛም መድረሱን እንመኛለን። ነገር ግን ጓደኛችንን የጐዳው የምርመራው ኋላ ቀርነት አልነበረም፤ አለመሄዱ ነው። በቀጠሮው ቀን ቢሄድ ኖሮ ያ ኋላ ቀር የተባለው ምርመራ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይነግረው ነበር። በሰዓቱ የተደረገ ርካሽ ምርመራ፣ ዘግይቶ ከተደረገ ውድ ምርመራ ይበልጣል።

ደግሞም የሚያስቀረው ነገር ሁሉ የሕመምተኛው ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ከአዲስ አበባ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ገበሬ በወር አንድ ጊዜ ሲመጣ የመጓጓዣውን፣ የማረፊያውን፣ የተፈታ በሬውን ዋጋ ይከፍላል። የቀን ሠራተኛው አንድ ማለዳ ሲቀር የዕለት እንጀራው ይቀራል። ተማሪው ፈተና ያልፈዋል። ሁሉም «ዛሬ ደኅና ነኝ» በሚለው ስሜቱ ይታለላል፤ በዙሪያው ያለነውም «ደኅና ነህ» እያልን እናጸናዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ በሽታው ራሱ ሲደበቅስ ማን ይግለጠው? በቀጠሮው ቀን የሚቀዳው ደም ብቻ ነው።

ከወቀሳ ይልቅ ሥራ ይሻላልና ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን የዩኒቨርሲቲውን አስተዳደር እንዲያነጋግር እንጠይቃለን። በሐኪም ወረቀት የተረጋገጠ የክትትል ቀጠሮ ከፈተና ጋር ሲጋጭ፣ ተማሪው ያለ ቅጣትና ያለ ልመና በሌላ ቀን እንዲፈተን ደንብ ይውጣለት። ኩላሊትን ከነጥብ ጋር ማመዛዘን ለሃያ ዓመት ወጣት የሚሰጥ ምርጫ አይደለም። ደንቡ ለስኳር፣ ለልብ፣ ለሚጥል በሽታ ሕመምተኞችም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የምንችለውን ሥራ እንሥራ። ኩላሊት የተተከለለት ሰውና ቤተ ሰቡ የሚያነቡት ትንሽ መጽሐፍ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን፣ አያት በሚገባት ቃል እናዘጋጅ፤ የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እውነትነቱን ይመርምሩልን። በመጽሐፉ መጨረሻ ቀን፣ ክሪያቲኒን፣ የደም ግፊት፣ ክብደት የሚጻፍበት ሠንጠረዥ ይኑረው፤ ሕመምተኛው የገዛ ታሪኩን በእጁ ይያዝ። ክኒን በየዐሥራ ሁለት ሰዓቱ የሚዋጥበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው በጾም ሰዓት አያዛውረውም። ጓደኛችን ያዛወረው ስላልታዘዘ ሳይሆን፣ በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሦስተኛ፣ ለሕዝብ ገንዘብ ኀላፊ የሆኑትን ሁሉ ሁለት ነገር እንለምናለን። በየክፍለ አገሩ ባሉ ሆስፒታሎች የደሙ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ በስልክ ወደ ሐኪሙ የሚደርስበት መንገድ ይጠናከር፤ ሰውዬው ከሚጓዝ ቍጥሩ ይጓዝ። እንዲሁም በየዓመቱ ከተተከሉት ኩላሊቶች ስንቱ እንደሚሠሩ ተቈጥሮ ለሕዝብ ይነገር። የማይቈጠር ነገር ሲጠፋ አይታወቅምና።

ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ስለ ቤት እሳት ሲናገሩ ነው። ቤቱ ከነደደ በኋላ ወንዝ ቢጠለፍ አይመልሰውም፤ ጭሱ ሲታይ ግን አንድ እፍኝ ቅጠል ይበቃል። የእኛ ጓደኛ ጭሱ ሳይታየው ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ቅጠሉንም ከእጁ ያስጣልነው እኛ ነን።

የሚቀጥለው ቀጠሮው በመጪው ማክሰኞ ነው። አሁን በክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ የቀጠሮው ቀንና አብሮት የሚሄደው ሰው ስም በተራ ተጽፎበታል። በአጠገቡ ቍጥሮቹ ተከታትለው ይታያሉ፤ 1.6፣ 1.6፣ 1.5። እትዬ በስልክ በጠየቀችን ቍጥር እናነብላታለን። አደራው የማን እንደ ሆነ ዘግይተንም ቢሆን ገብቶናል፤ እናንተም፣ ጓደኞቻችን፣ በየክፍላችሁ ያለውን አደራ ጊዜው ሳያልፍ ጠይቁ።